ከካዛንቺስ እስከ ሞሎካይ፦ የአንድ ረጅም ክር ጭማቂ

ይህ ክር (በኢንተርኔት መድረካችን ላይ አንድ ጥያቄና መልሶቹ የተያያዙበት ገጽ) አርባ መልስ አልፏል። አዲስ የሚገባው ሰው ሁሉ ከመሀል ጀምሮ፣ ከላይ የተመለሰውን ጥያቄ ደግሞ ስለሚጠይቅ፣ ማን ምን እንዳለ በተራ ቁጥሩ እየተከተልኩ እዚህ ላስቀምጥ። የማንንም ቃል እንዳለ አልገለበጥኩም፤ ሐሳቡን ነው የምነግራችሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ሻካራዎቹን መልሶች ትንሽ አለስልሻለሁ፣ ግን አላጠፋኋቸውም። አንዳንዱ የተናደደ ሰው ከጨዋዎቹ የተሻለ ነገር ተናግሯል።

መነሻ ጥያቄው

ክሩን የከፈተው ካዛንቺስ የሚኖር ወጣት ነው። ደርባን፣ ደቡብ አፍሪካ፣ ዘመዱ ሱቅ ውስጥ ሲሠራ በቆየባቸው ዓመታት እሑድ እሑድ ባሕር እየወረደ ሰርፍ፣ ማለትም ቦርድ ላይ ቆሞ ማዕበል መጋለብ፣ ለምዷል። ጎበዝ ነኝ አላለም። ማዕበሉ ሲመጣ ቆሞ እስከ ዳር መድረስ ይችላል፣ ተወዳድሮ ግን አያውቅም። አገሩ ሲገባ ኮንትራቱን ጨርሶ ከሚሄድ ፈረንጅ ላይ በአየር የሚነፋ ፓድልቦርድ ገዛ፤ ላዩ ላይ ቆመው በረጅም መቅዘፊያ የሚነዱትን ዓይነት። አሁን ልቡ የተነሳው ለሞሎካይ ነው። ሐዋይ ውስጥ ከሞሎካይ ደሴት ተነስቶ፣ ካይዊ የሚባለውን ወሽመጥ አቋርጦ ኦዋሁ ደሴት ላይ የሚያበቃ፣ ከ1997 ጀምሮ የሚካሄድ የፓድልቦርድ ውድድር ነው። ርዝመቱ 32 ማይል፣ 51 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ጥያቄዎቹ ሁለት ነበሩ። አልፎ አልፎ ሰርፍ የሚጫወት ሰው በአንድ ዓመት ልምምድ ይህን ይጨርሰዋል ወይ? ልምምዱንስ መሀል አዲስ አበባ ተቀምጦ የት ውኃ ላይ ያድርገው?

መልስ 1 እና 2

በርታ፣ እግዚአብሔር ይርዳህ የሚሉ ናቸው። ሁለተኛው የቦርዱን ፎቶ ጠይቆ እስከ ዛሬ አልተለጠፈለትም።

መልስ 3

ከአራት ኪሎ የሚጽፍ ሰው ነገሩን ወደ ሩጫ ወሰደው። አበበ ቢቂላ በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ ማራቶን ያሸነፈባት አገር ልጅ ርቀት ሊፈራ አይገባም አለ። 2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ሲተነፍስ የኖረ ሳንባ ባሕር ጠለል ላይ ሲወርድ ድካም አያውቅም፣ ስለዚህ ልጁ ግማሹን ልምምድ ሳያውቀው ጨርሷል ባይ ነው። ከክሩ ሁሉ ብዙ ላይክ ያገኘው ይኸው መልስ ነው። አይገርምም፣ ስለ እኛ ስለሆነ ነው።

መልስ 4

የአካል ብቃት አሠልጣኝ ነች፤ በትህትና ጀምራ በትህትና አፈረሰችው። ከፍታ ላይ መኖር ለደም ይጠቅማል፣ ይህን አልካደችም። ግን ቀዘፋ የጀርባ፣ የትከሻና የወገብ ሥራ ነው። ጎበዝ የማራቶን ሯጭ ቦርድ ላይ ቢያቆሙት ወዲያው ውኃ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ከዚያ አነጣጠሯን ወደ ራሱ ወደ ጠያቂው አዞረች። መቅዘፊያው ከፊት ርቆ ይተከላል፣ ሰፊው ጫፉ ሙሉ በሙሉ ከውኃ በታች ይገባል፣ ከዚያ ሰውነት ወደ ተተከለበት ቦታ ይሳባል፣ እግር ጋ ሲደርስ ይወጣል። በክንዱ ብቻ የሚስብ ሰው የመጀመሪያውን ሰዓት ሳይጨርስ ያልቅለታል። ሰርፍ ሚዛንና ውኃ ማንበብ አስተምሮሃል፣ ነገር ግን ጠባዩ ሌላ ነው አለችው። ሰርፍ ላይ ጥቂት ይቀዝፋሉ፣ ቦርዱ ላይ ተቀምጠው ማዕበል ይጠብቃሉ፣ ለሴኮንዶች ይጋልባሉ፣ ተመልሰው ይጠብቃሉ። ውድድሩ ውስጥ መጠበቅ የሚባል ነገር የለም።

ጊዜ የሌለው ሰው ይህን አንድ መልስ አንብቦ ቢወጣ አይከፋኝም።

መልስ 5

ጠያቂው አመስግኖ ተከራከረ። ሞሎካይ ላይ ነፋሱ ከኋላ ነው የሚመጣው፣ ነፋሱ ያስነሳው ማዕበል ቦርዱን ተሸክሞ ይሄዳል፣ ያን ማዕበል ይዞ መንሸራተት ደግሞ ሰርፍ ነው አለ። ለማስረጃም አውስትራሊያዊውን ጄሚ ሚቼልን ጠራ፤ ከ2002 እስከ 2011 በተከታታይ አሥር ጊዜ ያሸነፈው ሰው ራሱ የትልልቅ ማዕበል ሰርፈር ነው።

መልስ 6

እዚህ ላይ ካሊፎርኒያ ብዙ ዓመት ኖረው የተመለሱ፣ አምባሳደር አካባቢ ቢሮ ያላቸው ጋሼ ገቡ። ሚቼል ያሸነፈው ቆሞ አይደለም፣ በደረቱ ተኝቶ በእጁ እየቀዘፈ ነው አሉ። በ2007 የገባበት 4 ሰዓት ከ48 ደቂቃም በዚያው በደረት ቀዘፋ የተመዘገበ ነው። ተኝቶ መቅዘፍና ቆሞ መቅዘፍ በአንድ ቀን በአንድ ውኃ ላይ ቢካሄዱም ዘርፋቸው የተለያየ ነው። ነፋሱ ከኋላ መሆኑን ተቀበሉ፤ እስከ መጨረሻው ግን አይደለም። ወደ ኦዋሁ ሲቀርቡ ነፋሱና የውኃው ሞገድ ፊት ለፊት ይገጥማሉ፣ መሬቱን እያዩ የማይደርሱበት ሰዓት ያኔ ነው። በተጨማሪ እያንዳንዱ ተወዳዳሪ የራሱን አጃቢ ጀልባ ይዞ መቅረብ ግዴታው ነው፤ ጀልባና ካፒቴን መከራየት ደግሞ ከአውሮፕላን ትኬት ጋር አብሮ የሚታሰብ ወጪ ነው።

ጋሼ ከዚያ ትዝታ ውስጥ ገቡ። ካሊፎርኒያ ውስጥ ከካታሊና ደሴት እስከ ማንሃታን ቢች የሚደረግ ሌላ የ32 ማይል ውድድር አለ። በ1955 ተጀምሮ፣ ከ1960 በኋላ ተቋርጦ፣ በ1982 ተመልሷል። አንድ ጊዜ መጨረሻው ላይ ቆመው ሲያዩ፣ ከውኃ የወጣው ሰው አሸዋው ላይ መቆም አቅቶት በአራት እግሩ ሄዷል። ልጁን ለማስፈራራት ሳይሆን እንዲያውቀው ነው ብለው ዘጉ። በቡድን እየተቀያየሩ የሚገቡበት የሞሎካይ ዘርፍ እንዳለም ጠቁመዋል፤ ይህን ግን ማንም አላነሳውም፣ ጠያቂውም ዘሎታል። ብቻውን ነው ማቋረጥ የሚፈልገው።

መልስ 7

የመጀመሪያው ሹል መልስ። ባሕር የሌላት አገር ዜጋ መጀመሪያ ባሕሩን ያግኝ፣ ከዚያ ይቀዝፋል የሚል ነው።

መልስ 8 እስከ 12

ከዚህ በኋላ የሚሆነውን ታውቁታላችሁ። አሰብ፣ ምጽዋ፣ የባሕር በር፣ ማን አስረከበ፣ ማን ፈረመ። አምስቱንም ወደ ሌላ ክር አዛውሬያቸዋለሁ። አሥራ አንደኛው ብቻ በመሀል ላይ ሕይወት አድን ጃኬት አዲስ አበባ ውስጥ የት እንደሚሸጥ ጠይቆ ሰሚ አጥቶ ነበርና እንዳይጠፋ ጠቅሼዋለሁ።

መልስ 13

ቢሾፍቱ ተወልደው ያደጉ አባት ነገሩን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ መለሱት። ከከተማው ቅርብ የሆነው ንጹሕ ውኃ የእነሱ ነው፤ ባቦጋያ፣ ሆራ፣ ኩሪፍቱ። በእሳተ ገሞራ አፍ ላይ የተኛ ሐይቅ ጥልቅ እንጂ ሰፊ አይደለም፣ ስለዚህ 51 ኪሎ ሜትር ለመሙላት ልጁ እንደ አውድማ በሬ ሲዞር ይውላል አሉ። መዞሩ ራሱ ጥሩ ልምምድ ነው፣ አሰልቺን ነገር ይለምደዋል። አንድ ማሳሰቢያ ጨመሩ። ሆራ አርሰዲ የኢሬቻ ቦታ ነው፣ ሰው በእርጥብ ሣር የሚያመሰግንበት ውኃ ነው፤ በዓሉ ሰሞን ቦርድ ይዞ መግባት ነውር ነው፣ በሌላውም ጊዜ የአካባቢውን ሰው ጠይቆ ይግባ።

መልስ 14 እስከ 17

አንዱ ለምን ገፈርሳ ወይም ለገዳዲ አይሄድም፣ ቅርብ አይደለም ወይ አለ። አሥራ አምስተኛው የውኃ መሐንዲስ ነው፣ ቁጣው በስልኬ ስክሪን ላይ ይታየኝ ነበር። የከተማው ሕዝብ የሚጠጣውን ግድብ መታጠቢያ ልታደርጉት ነው ወይ ብሎ ተነሳ። ጥበቃ እንዳለው፣ መግባት እንደማይቻል፣ ቢቻልም እንደማይገባ አስረዳ። አሥራ ስድስተኛው እንግዲያው አባ ሳሙኤል አለ። አሥራ ሰባተኛው በአጭሩ፣ ይህን የጻፈ ሰው አባ ሳሙኤልን በአፍንጫው አያውቀውም ብሎ መለሰ። የከተማው ፍሳሽ በአቃቂ ወንዝ ተሸክሞ የሚደርሰው እዚያ ነው፣ ላዩን እንቦጭ ወርሶታል፣ የቦርዱ የታች ክንፍ ሥሩ ውስጥ ተጠላልፎ ይቀራል። የግድቡ ታሪክ ትልቅ ነው፣ ውኃው ግን ለማንም አይመከርም።

መልስ 18

ድሮ ግዮን ሆቴል ገንዳ ውስጥ ዋና የተማሩ እናት ናቸው። ከመሬት የሚመጣው ሙቅ ውኃ፣ ቅዳሜ ጠዋት በእንፋሎቱ ውስጥ ዳሩ የማይታየው፣ ከወጡ በኋላ የሚበላው ሳንዱች ሁሉ ተጽፏል። ለልጁ የሰጡት ምክር ከመሀሉ ተደብቋል። ቦርዱን ገንዳ አያስገቡህም፣ ቢያስገቡህም ሁለት ገፍተህ ግድግዳ ትመታለህ፤ አንተ ግን ያለ ቦርድ ሂድና ረጅም ዋና ዋኝ፣ ቦርድህ ከተወሰደብህ የሚያድንህ እሱ ነው። ወዳጅነት ፓርክ ያለው ሐይቅ ላይ ሞክር ብሎ የቀለደ ሰው ከሥራቸው ገብቶ ነበር፤ ጥበቃዎቹ ሳቅ አያውቁም ተብሎ ታለፈ።

መልስ 19

ጠያቂው ተመልሶ ያሳለፈውን ተረከ፣ እኔ ከክሩ ሁሉ የሳቅኩበት ይኼ ነው። ቦርዱ ተጠቅልሎ ትልቅ የጀርባ ቦርሳ ውስጥ ይገባል። ይዞ ወደ ቃሊቲ በሚሄድ ሚኒባስ ሊሳፈር ሲል ወያላው ቦርሳውን ከላይ እስከ ታች አይቶ የሁለት ሰው ሒሳብ ጠየቀ። ተከራክረው በአንድ ተኩል ተስማሙ። ቦርሳው ወንበር ይዞ ሲቀመጥ አጠገባቸው የነበሩ እናት እጃቸውን ጫን አድርገው ዳበሱትና የዕድር ድንኳን ነው ወይ ብለው ጠየቁ። አይደለም፣ ውኃ ላይ የሚቆሙበት ነው አላቸው። እናት ዝም ብለው ቆዩና፣ ለምን እንደሚቆም ጠየቁት። ወያላው ጭምር ዞሮ መልሱን እየጠበቀ ነበር። ምን ብሎ እንደመለሰ አልጻፈም።

መልስ 20

ማንም ያልጠየቀውን ጥያቄ የመለሰ መሐንዲስ፤ የውኃው አይደለም፣ ሌላ ነው። በአየር የሚነፋ ቦርድ ብዙውን ጊዜ 15 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ) ድረስ ይነፋል፤ ይህ ከውጭው አየር በላይ ሌላ አንድ የባሕር ጠለል የአየር ግፊት ያህል ነው። በባሕር ጠለል ላይ ይህን ለማድረግ ከውጭ የሚገባው አየር የቦርዱን ይዘት ሁለት እጥፍ ነው። አዲስ አበባ ላይ የውጭው አየር ግፊት የባሕር ጠለሉን ሦስት አራተኛ ብቻ ስለሆነ፣ ወደ ሁለት እጥፍ ከሲሶ ያስፈልጋል። ደርባን ላይ መቶ ጊዜ ገፍቶ የሚሞላ ሰው እዚህ መቶ አሥራ ሰባት ጊዜ ገደማ ይገፋል ማለት ነው። አዲስ አበባ ላይ ሞልቶ መኪና ላይ ጭኖ ላንጋኖ ቢወርድ ደግሞ ግፊቱን የሚያሳየው ጌጅ አንድ ፒኤስአይ ያህል ቀንሶ ያነባል፣ አየር ሳይወጣ። ስለዚህ ቀዳዳ እንዳትፈልግ፣ እዚያው ጨምርበት።

መልስ 21 ይህን ሁሉ አንብቦ ሥራ የለህም ወይ ብሎ ጠየቀው። ሰዓቱን አየሁት፤ ሁለቱም የጻፉት በሥራ ሰዓት ነው።

መልስ 22 እስከ 26

ሰፊ ውኃ የት አለ የሚለው እዚህ ሞቀ። አንዱ ሐዋሳ አለ፣ አንዱ ዝዋይ፣ ባሕር ዳር ያደገው ደግሞ ጣና እያለ ስለ ሌላ ሐይቅ ማውራት አያስፈልግም አለ። ይኼኛው የሚሰማ ነገር ነበረው። እኛ መቅዘፍን የፈረንጅ ፈጠራ አድርገን ስናወራ፣ ጣና ላይ ከደንገል በታሰረ ታንኳ እንጨትና ቡና ጭነው ከዘጌ ባሕር ዳር የሚቀዝፉ ሰዎች አሉ። ሰዓት የሚይዝላቸው፣ ሜዳሊያ የሚሰጣቸው የለም። ደንገሉ ውኃ ይጠጣል፣ ሲመሽ አውጥተው ያደርቁታል። ከአካል ብቃት አሠልጣኝ ይልቅ ከእነሱ ቢማር ይሻለዋል ሲል አራተኛዋን በጎን ነካት። እሷም በሰላሳ ሁለተኛው ላይ መልሳለታለች።

ሃያ አራተኛዋ ነርስ ነች። ቢልሃርዚያ ያለበትን ውኃ በጭፍን አትምከሩ አለች። ጣናና ዝዋይ ዳርቻ ላይ፣ ሐዋሳም፣ በሽታውን የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ ይኖራል። ትሉ በቆዳ በኩል ነው የሚገባው፣ ለመያዝ መዋጥ አያስፈልግም፤ ከቦርድ እየወደቀ ዳር ላይ ሲንቦጫረቅ የሚውል ጀማሪ ደግሞ ዋና እጩ ነው። ላንጋኖ በዚህ በኩል የተሻለ ስም አለው። ቢጠረጥር ተመርምሮ መድኃኒቱን ይውሰድ፣ ፕራዚኳንተል ርካሽና የታወቀ ነው።

ሃያ አምስተኛው ቢልሃርዚያ የሚለውን ቃል ሲያይ ዶክተር አክሊሉ ለማን አነሳ። በ1964 አድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ያየና ከዚያ የተነሳ ሳይንቲስት ነው። በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ ጋር፣ አማራጭ ኖቤል የሚባለውን ራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀብለዋል። ይህ ከቦርድ ጋር ምን አገናኘው የሚል ቅሬታ ደርሶኛል። አላነሳውም፣ እኔ ወድጄዋለሁ።

ሃያ ስድስተኛው ላንጋኖ ጉማሬ የለም ብሎ ጻፈ። መልስ 27 ወዲያው አረመው፤ በቢሻንጋሪ በኩል ይታያል፣ የሎጁ ሰዎች የት የት እንደሚውል ያውቃሉ፣ ሳይጠየቁ ወደዚያ ዳር አይቀዘፍም። ጉማሬ ረጋ ያለ ይመስላል፣ አይደለም።

መልስ 28 እስከ 30

ክሩ የተበላሸው እዚህ ነው። አንዱ፣ ልጁ ሄዶ እንደ ሪዮው ዋናተኛ ሊያዋርደን ነው ብሎ ጻፈ። ሮቤል ኪሮስ በ2016 ኦሊምፒክ 100 ሜትር ነጻ ቀዘፋ በ1 ደቂቃ ከ4.95 ሴኮንድ ገብቶ፣ በሰውነቱ ላይ ዓለም ሁሉ የተሳለቀበት ጊዜ ማለቱ ነው። ሃያ ዘጠነኛዋ፣ በሰው ገላ የሚስቅ ሰው የራሱን ሰዓት በገንዳ ውስጥ ለክቶ ይለጥፍ፣ ከዚያ እንነጋገራለን አለችው። ዋናተኛው ለቡድኑ እንዴት ተመረጠ ብሎ መጠየቅ መብት ነው፣ የሰው ሆድ መቁጠር ግን ጥያቄ አይደለም። ሃያ ስምንተኛው መልሶ አንቺ ብሎ ሲሰድባት፣ የመልስ 18ቷ እናት ገብተው ልጄ ሆይ፣ እዚህ እናትህን የሚያህሉ ሰዎች እንዳሉ አትርሳ አሉት። ይቅርታ የጠየቀው እሳቸውን ብቻ ነው። ሃያ ዘጠነኛዋን አይደለም፣ ይህን ሁላችንም አስተውለናል።

በነገራችን ላይ ሮቤል በዚያ ኦሊምፒክ መክፈቻ ባንዲራችንን ይዞ የገባው ነው፤ ያኔ ማንም አልሳቀም ነበር።

መልስ 31

ሆላንድ የምትኖር እህት። ከዚህ በፊት ጽፋ አታውቅም፣ የክሩን አቅጣጫ ግን ለወጠችው። ለምን ሞሎካይ ብላ ጠየቀች። ፍሪስላንድ በሚባለው ሰሜናዊ ክፍለ ሀገር አሥራ አንድ ከተሞችን በቦይና በሐይቅ እያገናኘ በፓድልቦርድ የሚዞር ውድድር አለ፤ 220 ኪሎ ሜትር በአምስት ቀን፣ ሌዋርደን ከተማ ተጀምሮ እዚያው ያልቃል። መንገዱ የበረዶ ሸርተቴ ሰዎች መንገድ ነው፤ በረዶው በሙሉ መስመሩ 15 ሴንቲ ሜትር ካልጠነከረ ሸርተቴው አይካሄድም፣ ለመጨረሻ ጊዜ የተካሄደውም በ1997 ነው። ቀዘፋው ግን በመስከረም ወር ይደረጋል፣ የእኛ እንቁጣጣሽ ሰሞን። ማዕበል የለም፣ ሻርክ የለም፣ ደክሞህ ስትቀር ዳሩ ቅርብ ነው፣ የገበሬ ላም ታይሃለች። ከባዱ ሌላ ነው። በቀን በአማካይ 44 ኪሎ ሜትር፣ ነፋሱ በሜዳው ላይ ምንም ሳያግደው ከጎን ወይም ከፊት ሲመጣ፣ በማግሥቱ እንደገና። ድልድዮቹ አንዳንዶቹ ዝቅ ከማለታቸው የተነሳ ተንበርክከው ወይም ተኝተው ነው የሚታለፉት። ባቦጋያን ሲዞር የሚውል ሰው ለዚህ ነው የሚዘጋጀው፣ ለካይዊ አይደለም አለች።

ትክክል ነች። ላንጋኖም ባቦጋያም ላይ የውቅያኖስ ማዕበል መለማመድ አይቻልም፤ ባለህ ውኃ የሚመስለውን ውድድር መምረጥ ያዋጣል። የሚገርመው ከሷ በፊት ሰላሳ መልስ አልፎ ማንም ይህን አለማሰቡ ነው።

መልስ 32

አሠልጣኟ ተመለሰች። ለጣናው ልጅ፣ የታንኳ ቀዛፊ መምህር ቢገኝ የመጀመሪያዋ ተማሪ እኔ ነኝ ብላ ጀመረችና ወደ ሒሳብ ገባች። በሚነፋ ሰፊ ቦርድ ጀማሪ በሰዓት አምስት ኪሎ ሜትር ከሄደ ጥሩ ነው። 44 ኪሎ ሜትር ማለት ወደ ዘጠኝ ሰዓት መቆም ነው። ረጅምና ጠባብ የውድድር ቦርድ፣ 14 ጫማ የሚሆነው፣ ለውጥ ያመጣል፣ ግን ሚዛኑ ከባድ ነው። ስለዚህ በኪሎ ሜትር አትቁጠር አለችው። በሰዓት ቁጠር። የእግርህ ጣቶች ሳይደነዝዙ ሁለት ሰዓት፣ ከዚያ ሦስት፣ ከዚያ አራት። ቤት ውስጥ የጀርባና የሆድ ሥራ፣ ካዛንቺስ ዳገት ላይ መሮጥ እንደ ተጨማሪ እንጂ እንደ ዋና አይደለም።

መልስ 33 እና 34

ምግብ። የረጅም ርቀት ስፖርተኛ በሰዓት ከ60 እስከ 90 ግራም ካርቦሃይድሬት ይፈልጋል የሚባለውን አንዱ አምጥቶ፣ ከውጭ የሚመጣውን የስፖርተኛ ጉልበት ሰጪ ጄል ዋጋ ሲያሰላ ሌላዋ የበሶ ብጥብጥ በማር በጠርሙስ ያዝ ብላ ዘጋችው። ቀጠን ብሎ ከተበጠበጠ በቱቦ ይጠባል፣ በጣም ከቀጠነ ይዘቅጣል፤ ጨው ቆንጠር ማድረግ አትርሳ፣ ለሰዓታት ውኃ ብቻ መጠጣት ራሱ ያዞራል። ሰላሳ አራተኛው በፍልሰታ ሲለማመድ ምን ይብላ ብሎ ጠየቀ። በሶው የጾም ነው፤ ሰዓቱን ግን ከንስሐ አባትህ ጋር ተነጋገር ተባለ። ነፋስ ላይ ሆኖ እስከ ዘጠኝ ሰዓት በባዶ ሆድ መቅዘፍን ማንም አልደገፈም።

ከዚህ ሥር የሸንገን ቪዛ ወሬ ተነስቶ ስድስት ሰው ያህል በቀጠሮ ጉዳይ አለቀሰ። ቁጥር አልሰጠሁትም፣ የራሱ ክር አለው።

መልስ 35

ስሙን ባልገለጸ ሰው የተጻፈ፣ ደረቅና ሹል። ሐዋይ ላይ ያለ አጃቢ ጀልባ አያስነሱህም፤ ላንጋኖ ላይስ ማን አለህ? ሰላሳ አራት ሰው ስለ ሳንባ፣ ስለ በሶ፣ ስለ አየር ግፊት ሲያወራ አንድ ሰው ይህን አልጠየቀም፣ እናንተ ልጁን የምትወዱት አይመስለኝም አለ። ላንጋኖ ጠዋት መስተዋት ነው፣ ከምሳ በኋላ ነፋሱ ይነሳል። ከዳር ሁለት ኪሎ ሜትር ገብተህ ወድቀህ ቦርዱ ከእጅህ ካመለጠ፣ ነፋሱ አንተ ከምትዋኘው በላይ ያፈጥነዋል፣ ባዶ ስለሆነ ይበራል። ስለዚህ ቁርጭምጭሚት ላይ የሚታሰረው ገመድ ከጃኬቱም በፊት ነው። በሚፈስ ወንዝ ላይ ግን እግር ላይ አይታሰርም፤ ግንድ ቢይዝህ ታች ይጎትትሃል፣ ወገብ ላይ ሆኖ በአንድ ጉተታ የሚፈታው ነው የሚያስፈልገው። ቡናማው ውኃ ውስጥ አንድ ክንድ በታች አይታይም፣ የሰጠመ ሰው አይገኝም። ከቀኑ አምስት ሰዓት በኋላ ውኃ ላይ እንዳትገኝ፣ ብቻህንም እንዳትገባ።

አሥራ ሁለት ሰው ተናደደበት። ሟርት ነው፣ ተስፋ አስቆራጭ ነው ተባለ። ከዚያ በፊት የነበረው መበረታታት ሁሉ ለልጁ ምንም አልሰጠውም፣ ይኼ ግን የሚይዘውን ዕቃና የሚወጣበትን ሰዓት ሰጥቶታል። እኔ ብሆን የምሰማው እሱን ነው። መልስ 11 ላይ ስለ ጃኬት የጠየቀውም ሰው ትዝ ያለኝ ያኔ ነው፤ ጨርቆስ በኩል ያገለገለ ዕቃ ከሚሸጡ እንደገዛ በኋላ ጽፏል፣ መንሳፈፉን በባልዲ ሳይሆን ራሱ ለብሶ ጥልቅ ገንዳ ውስጥ ገብቶ እንዲፈትን ተነግሮታል።

መልስ 36

ጠያቂው። ሞሎካይን አልተውኩም፣ ግን ፍሪስላንድ ይቀድማል አለ። ሰላሳ አምስተኛውን አላኮረፈም፤ እንዲያውም ቅዳሜ ላንጋኖ ሊወርድ ስለሆነ የሎጅ ጀልባ ተከራይቶ አብሮ የሚቀመጥ ሰው ይፈልጋል። ዕቅዱ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ እስከ 4 ሰዓት ተኩል ያለ ዕረፍት መቆም ነው።

መልስ 37 እስከ 41

አንዷ ቪትዝ አለኝ፣ ቦርሳው ኋላ ይገባል ወይ አለች። ይገባል፣ የኋላ ወንበሩ አንድ ጎን ከታጠፈ። ያ ከሆነ ግን ሦስት ሰው ብቻ ነው የሚጫነው፤ አሠልጣኟ፣ ጠያቂውና አንድ ጀልባ ላይ የሚቀመጥ። የቢሾፍቱው አባት በመንገድ ላይ ጠብቁኝ፣ የራሴን መኪና ይዤ እከተላለሁ አሉ። መሐንዲሱ ጌጁን ከላይም ከታችም አንብባችሁ ንገሩኝ ብሎ ለመነ። አርባ አንደኛው የአሥራ ሁለት ዓመት ልጁን ይዞ መምጣት ይፈልጋል፤ ዋና ከቻለና ጃኬት ከለበሰ ይምጣ፣ ቦርድ ላይ ግን የሚወጣው ዳር ላይ ነው ተባለ።

መልስ 42 እስከ 44

ከአዲስ አበባ አርብ ከሰዓት ይወጣ ወይስ ቅዳሜ ሌሊት በሚለው ላይ ክርክር አለ። ሌሊት ከተወጣ 12 ሰዓት ላይ ውኃ መግባት አይታሰብም፣ መንገዱ 200 ኪሎ ሜትር ነው፤ አርብ ከተወጣ ደግሞ ማደሪያ ይከፈላል። ወደ አርብ ያደላ ይመስላል። ያልተቋጨው የጀልባው ቤንዚን ነው። አርባ ሦስተኛው ጠያቂው ይቻል፣ ጉዳዩ የሱ ነው አለ፤ አርባ አራተኛዋ በሰው ቁጥር ይካፈል ብላለች። የምትሄዱ ሰዎች እስከ ሐሙስ ማታ ድረስ እዚሁ ሥር ጻፉ፣ ከዚያ በኋላ ለሎጁ ስልክ የሚደውለው የቢሾፍቱው አባት ናቸው።